ስለ መለያ ቁጥር፤ እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠበቅ

ንግድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው በመተዋወቅ ላይ ነው። ሻጭ ገዢውን፣ አበዳሪ ተበዳሪውን፣ አስመጪም ዕቃ አስተላላፊውን ካላወቀ ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም፤ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ አይሻገርም። አባቶቻችን ይህን መተዋወቅ የሚያረጋግጡት በዋስ፣ በሰፈርና በትውልድ ነበር። «የማን ልጅ ነህ? ቤትህ ወዴት ነው? ማንስ ያውቅሃል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። ዛሬ ግን በእነዚህ ላይ አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይኸውም «ቁጥርህ ስንት ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በባንክ መስኮት፣ በንግድ ፈቃድ መስጫ፣ በትምህርት ቤትም ሳይቀር የሚጠየቅ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ለራሱም፣ ለሠራተኞቹም፣ ለልጆቹም አውቆ መገኘት ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኝ በአንድ የአስመጪ ንግድ ቤት በጸሓፊነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን የቅጽ፣ የማኅተምና የፎቶ ኮፒ ሥራ በየቀኑ በእጄ ስለሚያልፍ፣ በሌላው ሲደርስ ያየሁትንና እኔም ራሴ ያጠፋሁትን ጨምሬ ብጽፍ ለአንባቢ ይረባል ብዬ አሰብሁ።

1ኛ፤ ቁጥሩ ምን ዓይነት ነገር ነው?

በአገራችን የዲጂታል መታወቂያ የቆመው በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። የመታወቂያው ስም «ፋይዳ» ይባላል፤ ፋይዳ ማለትም ጥቅም፣ ረብ ማለት እንደ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሥራውን የሚያካሂደው የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ነው።

ተመዝጋቢው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውንና አድራሻውን ያስመዘግባል፤ የስልክ ቁጥርም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የዐሥሩ ጣቶቹ አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖቹ ብሌንና የፊቱ ምስል ይወሰዳል። ብሔሩም ሃይማኖቱም አይጠየቅም። መዝገቡ ይህን አሻራና ምስል ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ጋር ያመሳክርና፣ ሰውየው ከዚህ በፊት አለመመዝገቡን ካረጋገጠ በኋላ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ቁጥር፣ ለአንድ ሰውም ሁለት ቁጥር አይሰጥም።

አኃዞቹ የተወለዱበትን ዘመን ወይም የመጡበትን አገር የሚናገሩ አይደሉም፤ እንደ ዕጣ የወጡ ናቸው። ደግሞም መታወቂያው የነዋሪ እንጂ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም። በሕጋዊ መንገድ በአገራችን የሚኖር የውጭ አገር ሰውም ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ የውጭ አገር ባለሙያ የቀጠረ ንግድ ቤት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

«ስም እያለ ቁጥር ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር መልሱ በስማችን ውስጥ ይገኛል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የራሳችንን ስም ከአባታችንና ከአያታችን ስም ጋር እንጠራለን። ከበደ አበበ የሚባል ሰው በአንድ ወረዳ ብቻ ብዙ ሊሆን ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይበዛል፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ፊደል ይዞ ይገኛል። «ወልደ» ወይም «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ስም አንዳንዴ ተጣብቆ፣ አንዳንዴ ተለያይቶ ይጻፋል። የባንክ የብድር ደብዳቤ ከፍቶ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው በአንዲት ፊደል ልዩነት ስንት ቀን እንደሚጉላላ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። ቁጥር ግን በማንኛውም ፊደል ሲጻፍ ያው ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴዎች ሦስት ነገሮችን እንዳይቀላቅሉ ማሳሰብ እወዳለሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ባለ 10 አኃዝ ሲሆን በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሚገዛ ነው። ይህ ቁጥር በደረሰኝ ላይ ታትሞ ለገዢው ሁሉ የሚታይ፣ መታየትም ያለበት ነው። የንግድ ምዝገባ ቁጥርም እንዲሁ ለሥራ ጓደኛ የሚገለጥ ነው። የፋይዳ ቁጥር ግን የንግድ ቤቱ ሳይሆን የሰውየው የራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሱቅ በር ላይ እንደሚሰቀል ሰሌዳ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው በኪስ እንደሚያዝ ቁልፍ ነው። ሰሌዳውን የሚደብቅ፣ ቁልፉንም በር ላይ የሚሰቅል ነጋዴ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

2ኛ፤ ሰፈር ሲለወጥ

የምንሠራበትን አካባቢ ብንመለከት የቁጥሩ ነገር የበለጠ ይገለጥልናል። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን ድርጅት የመጣ ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ተደራጀ፤ የቀበሌ መታወቂያም ለብዙ ዘመን የነዋሪው ዋና ማስረጃ ሆኖ ኖረ። ሰውየው የሚታወቀው በቀበሌው ቁጥርና በቤት ቁጥሩ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ሩቅ ሰፈሮች ሄዱ። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት «ከእገሊት ሻይ ቤት ጀርባ» ብለን የምናውቃቸው ደንበኞች ሻይ ቤቱም ጀርባውም ጠፋባቸው። በዱቤ መዝገባችን ላይ «ካዛንቺስ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ አድራሻ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ መዝገቡን ስገልጠው አድራሻው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ከንቱ ሆኖ አገኘሁት። ዕዳቸውን ሊከፍሉ እየፈለጉ እንኳ መንገዱ የጠፋባቸው ነበሩ። በሰፈር መታወቅ ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተማርሁ።

ቤቱ የፈረሰበት ሰው ቁጥሩ አይፈርስበትም፤ ይህ የቁጥሩ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ውስጥ ያለው አድራሻና የስልክ ቁጥር በራሱ አይታደስም። ሰፈር የለወጠ ሁሉ አዲሱን አድራሻ በወረዳው የነዋሪነት መዝገብም፣ በፋይዳም፣ በባንኩም ዘንድ ማስለወጥ አለበት። አንዱን አስለውጦ ሌላውን የተወ ሰው፣ ሁለቱ ወረቀቶች ሲጋጩበት በማን ጥፋት እንደ ሆነ ሳይገባው ይመላለሳል።

3ኛ፤ ቁጥሩ እንዴት ይገኛል?

ምዝገባው ያለ ክፍያ ነው። በካርድ ታትሞ እንዲሰጠው የሚፈልግ ሰው ግን የማተሚያውን ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ «አስመዘግብሃለሁ፤ ይህን ያህል ክፈለኝ» የሚል ደላላ ቢመጣ፣ መንግሥት በነጻ የሚሰጠውን ነገር እየሸጠ መሆኑን ዕወቁ። ምዝገባው በባንኮች፣ በኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ጣቢያዎችና ለዚሁ በተፈቀዱ ሌሎች ቦታዎች ይካሄዳል።

ወደ ምዝገባ የሚሄድ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ይህን የመሰለ የታወቀ ማስረጃ ይዞ ይሂድ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ይቀርባል። በመስኮቱ ፊት ሲደርስ ግን ከሁሉ በላይ አራት ነገር ይጠንቀቅ።

አንደኛ፤ ስሙ በአማርኛና በላቲን ፊደል እንዴት እንደ ተጻፈ መዝጋቢው ከማጽደቁ በፊት ራሱ ያንብብ። ፓስፖርት ያለው ሰው፣ ይልቁንም ከውጭ አገር ጋር የሚነግድ ሰው፣ የላቲኑ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፤ የትውልድ ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ይመልከት። በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው በ2007 ወይም በ2008 ነው። 2000 የሚለው ሳይቀየር በአውሮፓው መስመር ላይ ከተጻፈ ልጁ በአንድ ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ይህ ስሕተት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና መታወቂያው ሦስት ዓይነት ዕድሜ ሲናገሩ ጉዳዩ ይከብዳል።

ሦስተኛ፤ የሚሰጠው የስልክ ቁጥር የራሱ፣ በራሱ ስም የወጣና ዘወትር በእጁ የሚገኝ ይሁን። ቁጥሩ የሚላክለት፣ በኋላም ማንነቱን የሚያረጋግጥ የምስጢር ቁጥር የሚደርሰው በዚያ ስልክ ነውና።

አራተኛ፤ ሲመዘገብ የሚሰጠውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አይጣል።

ይህን ሁሉ ለነገ ማቆየት የማይገባበትም ምክንያት አለ። በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። የንግድ ምዝገባና የፈቃድ አገልግሎትም ከዚሁ ጋር እየተያያዘ ነው። ፈቃድ በሚታደስበት ወራት ሰልፉ ሲረዝም ለመመዝገብ የሚሮጥ ነጋዴ፣ የዝናብ ልብስ የሚገዛው ዝናቡ ከመታው በኋላ ነው።

4ኛ፤ የአንዲት ተማሪ ነገር

በንግድ ቤታችን የዕቃ ግምጃ ቤት የሚጠብቁ አንድ አባት አሉ። ቤታቸው ካዛንቺስ ነበረ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ሰፈሩ ከመፍረሱ ጥቂት ወራት በፊት ለፋይዳ ተመዝግባ ነበር። በዚያን ጊዜ የራሷ ስልክ አልነበራትም። አባቷም ከእኛ ጋር በሥራ ላይ ስለ ነበሩ፣ ይዛት የሄደችው አክስቷ የአንዲት ጎረቤት ስልክ ቁጥር አስጻፈችላት። በጎነት ነው ብለው ሁሉም አመሰገኑ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ጎረቤቶቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። በዚያው ዓመት ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመመዝገብ የፋይዳ ቁጥር ተጠየቀ። ልጅቱ ቁጥሯን አታውቀውም። አባቷ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቢሮዬ ገብተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ።

«ቁጥሩ የተላከው በጎረቤታችን ስልክ ነው አሉኝ፤» አሉ። «ጎረቤታችን ደግሞ ስልኩን ከለወጠች ቆይታለች። የት እንደ ገባችም አላውቅም። ምዝገባው ሊዘጋ ነው አሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኋት ልጅ በዚህ ትቅር?»

እኔም ነገሩን ሳላጣራ «እንደ ገና ትመዝገብ» ብዬ መከርኋቸው። ይህ ምክሬ ስሕተት ነበረ። ልጅቱ ሄዳ እንደ አዲስ ተመዘገበች፤ ቀናት አለፉ፤ መልስ ግን አልመጣም። በኋላ ሲጣራ አሻራዋ ቀድሞ በመዝገቡ ስላለ ሁለተኛው ምዝገባ ተቀባይነት የለውም ተባለ። ከላይ እንደ ጻፍሁት ለአንድ ሰው ሁለት ቁጥር አይሰጥም። ከቀሩት ጥቂት ቀናት ላይ ብዙውን የበላሁባቸው እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ ሌላ ነበረ። አባትና ልጅ የነዋሪነት ማስረጃና የትምህርት ቤት መታወቂያ ይዘው ወደ ምዝገባ ጣቢያው ሄዱ፤ «አዲስ ምዝገባ» ሳይሆን «የመረጃ ማስተካከያ» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ጣቷን አስቀመጠች፤ መዝገቡም ማንነቷን ዐወቀ። የጎረቤቲቱ ስልክ ቁጥር ተሰርዞ የአባቷ ገባ፤ የፋይዳ ቁጥሯም በዚያው ተገኘ። ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰች። አባቷ ተመልሰው ሲመጡ ብዙ አልተናገሩም፤ ነገር ግን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ዘግተው ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። የጠፋው ቁጥሩ አይደለም፤ ወደ ቁጥሩ የሚወስደው ስልክ ነው። ቁጥሩ ከሰውየው ጣት ጋር ታስሯልና ፈጽሞ አይጠፋም። እንደ ገና ከመመዝገብ ይልቅ ማስተካከያ መጠየቅ ይሻላል። ልጆች ያላችሁ ነጋዴዎችም ፈተናው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በክረምት ወራት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፣ ወስዳችሁ አስመዝግቧቸው።

5ኛ፤ ቁጥሩን ስለ መጠበቅ

ቁጥሩን ያገኘ ሰው ሥራው ግማሽ ብቻ ነው። አንድ ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ከመንገድ ዳር የተጠቀለለ ቆሎ ገዛሁ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ስዘረጋው በአንድ ወገን የጠቆረ ፎቶ ኮፒ ነበረ፤ የአንድ የማላውቀው ሰው መታወቂያ፣ ፎቶግራፉም ስሙም ቁጥሩም ሳይቀር። ከአንድ ኮፒ ቤት የተጣለ የተበላሸ ወረቀት መሆኑ ነው። ወረቀቱን ቀዳደድሁት፤ ነገር ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ የእኛን ቤት ተላላኪ ጠርቼ «የሠራተኞቻችንን መታወቂያ ስታስነሣ የተበላሸውን ወረቀት ወዴት ታደርገዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እዚያው እተወዋለሁ» አለኝ። ይህን ልጅ ስልከው አንድም ቀን «የተበላሸውን መልሰህ አምጣ» ብዬው አላውቅም ነበር።

በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። አሜሪካ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሠራተኞቿ ባለ 9 አኃዝ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ትሰጥ ጀመር። በ1938 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በሎክፖርት ከተማ የሚገኝ አንድ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ በቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ለገዢዎች ለማሳየት ሲል የናሙና ካርድ አትሞ በየቦርሳው ውስጥ አኖረ። የፋብሪካው ኃላፊ ግን በናሙናው ላይ ያሳተመው የገዛ ጸሓፊውን እውነተኛ ቁጥር ነበር። ካርዱ መጠኑ አነስተኛ፣ በቀይ ቀለም የታተመና «ናሙና» የሚል ቃል ያለበት ቢሆንም፣ ቦርሳውን የገዙ ብዙ ሰዎች ቁጥሩ የእነርሱ መሰላቸው። በ1943 እ.ኤ.አ. 5,755 ሰዎች በዚያች ጸሓፊ ቁጥር ይሠሩ ነበር። በጠቅላላው ከ40,000 በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል፤ በ1977 እ.ኤ.አ. እንኳ 12 ሰዎች አልተውትም ነበር። መንግሥት ቁጥሩን ሰርዞ ለጸሓፊዋ አዲስ ሰጣት።

እኔም ጸሓፊ ስለ ሆንሁ ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤን ነካው። በዚህ ነገር ውስጥ አንድም ሌባ የለም። ያለው አሳቢነት የጎደለው አሠሪና ያልተረዳ ሕዝብ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን ሌባ ከሚያደርሰው አላነሰም።

ይህን የመሰለ ነገር እንዳይደርስ የዛሬዎቹ መዝገቦች አንድ ዘዴ አበጅተዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ለሕዝቧ የሰጠችው ህንድ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ዋናውን ቁጥር የሚተካ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር አወጣች። በእኛም አገር ከ12 አኃዙ ሌላ «ፋን» የሚባል ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር አለ። ዓላማው ዋናው ቁጥር በየቢሮው እንዳይበተን ነው። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪው 16 አኃዙን ከጠየቀ እርሱን ብቻ ስጡ፤ ሁለቱንም ደርባችሁ አትጻፉ።

ከዚህም በላይ የሚጠበቅ ነገር አለ፤ ይኸውም በስልክ የሚላከው የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር ነው። ያ አጭር ቁጥር በፊርማ ቦታ የሚቆም ነው። አንድ ሰው ደውሎ «ከባንክ ነኝ» ወይም «ከመታወቂያ መሥሪያ ቤት ነኝ፤ አሁን በስልክዎ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ቢል፣ ያልጻፋችሁት ወረቀት ላይ ፈርሙልኝ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂዱ። በዕድሜ የገፉ ወላጆች «ልጄ» ተብለው በአክብሮት ሲጠየቁ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋልና፣ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

6ኛ፤ የአሠሪና የባለሱቅ ግዴታ

ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ቁጥር የምንይዘው እኛ ነጋዴዎች ነን፤ የሠራተኛውን፣ የተያዡን፣ በዱቤ የሚወስደውን ደንበኛ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲይዝና እንዲጠብቀው ያዛል። የሌላውን ሰው ማንነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መስረቅም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ከቆሎው ወረቀት ወዲህ የተያዘውን ሥርዓት ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ሀ) የማያስፈልገንን ኮፒ አንወስድም። መታወቂያውን አይቶ መመለስ ከበቃ፣ ዓይተን እንመልሳለን።

ለ) ኮፒ የግድ ሲሆን በወረቀቱ ላይ የሚያስፈልግበት ጉዳይና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ለምሳሌ «ለቅጥር ብቻ» ተብሎ። እንዲህ የተጻፈበት ወረቀት ለሌላ ጉዳይ ቢውል ወዲያው ይታወቃል።

ሐ) ኮፒ ቤት የሚላክ ሰው የተነሣውንም የተበላሸውንም ቈጥሮ ያስረክባል። የተበላሸው በቢሮው ውስጥ ይቀደዳል።

መ) የሠራተኞች ቁጥር የተጻፈበት መዝገብ በቁልፍ ይቀመጣል፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሆናል። ብዙ ሰው በሚገኝበት የቴሌግራም ጉባኤ የመታወቂያ ፎቶግራፍ አይላክም።

ሠ) ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ፣ ሕግ እንዲቆይ ከሚያዘው ወረቀት በቀር ኮፒው ለራሱ ይመለስለታል።

ረ) የሠራተኛውን ዋና ካርድ በመያዣነት አንይዝም። አንዳንድ ቤት ይህን ያደርጋል። ሰውየው በዚያች ካርድ ባንክ የሚሄድ፣ ልጁን የሚያስመዘግብ ስለ ሆነ፣ ካርዱን መያዝ እጁን እንደ ማሰር ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ወጪው አንድ የሚቆለፍ መሳቢያና ጥቂት ትዕግሥት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ነገሩ ሳይበላሽ መጠንቀቅ ከተበላሸ በኋላ ከመካሰስ ይሻላል።

ክቡራን አንባብያን፤ የአባቶቻችን ዋስትና በሰው መተማመን ነበረ። ቁጥሩ ይህን መተማመን የሚያግዝ እንጂ የሚሽር አይደለም። ደንበኛው ቁጥሩን ሲሰጠን ስሙን በእጃችን አኑሯል ማለት ነውና፣ ባለአደራ ለመሆን የበቃን መሆናችንን በሥራ እናሳይ።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

አንባቢ ትምህርቱን የተረዳ መሆኑን ለማወቅ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ይመልስ።

1. ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ከፋይዳ ቁጥር በደረሰኝ ላይ የሚታተመው የትኛው ነው? ሁለተኛው ለምን አይታተምም?
2. በመዝገባችሁ ውስጥ ያለው የስልክ ቁጥራችሁ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ነውን?
3. የልጃችሁ የትውልድ ዘመን በመታወቂያው ላይ በየትኛው አቆጣጠር ተጽፏል?
4. ቁጥሩ የጠፋበት ሰው እንደ ገና መመዝገብ የማይጠቅመው ስለ ምንድን ነው?
5. በሱቃችሁ ውስጥ የስንት ሰው መታወቂያ ኮፒ አለ? ወዴትስ ተቀምጧል?

አምስተኛውን ጥያቄ ወዲያው መመለስ ያልቻለ ሰው ዛሬውኑ መሳቢያውን ከፍቶ ይቍጠር።